የድሮ የሹራብ ንድፍ ለሌላ ሠሪ እንዴት ይተላለፋል?

ሜሪላንድ ለምትኖር ጓደኛዬ በ1940ዎቹ እንግሊዝ አገር የታተመ የሴት ሹራብ ንድፍ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። ሁለት ገጽ፣ ሁለት ፎቶ፣ አለቀ። «ቁጥር 10 መርፌ ይላል፤ እሱማ አለኝ» አለችና በዚያው ምሽት ጀመረች። በሦስተኛው ቀን የደረሰኝ ፎቶ ላይ ያለው ግን ሹራብ ሳይሆን የዓሣ መረብ ነው። ከሥሩ «ያንቺ እንግሊዞች ይህን ነው የሚለብሱት?» የሚል መልእክት አለ።

ጥፋቱ የእሷ አይደለም። የድሮው የእንግሊዝ ቁጥር 10 መርፌ ውፍረቱ 3.25 ሚሊ ሜትር ነው። የአሜሪካው ቁጥር 10 ደግሞ 6 ሚሊ ሜትር፤ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ይህን እያወቅሁ ሳልነግራት ቀረሁ። የላክሁላት ወረቀቱን ብቻ ነበር፤ ወረቀቱ በታተመበት ዘመን ማንም ሠሪ የሚያውቀው፣ ስለዚህም ማንም ለመጻፍ ያልደከመበት ነገር አብሮት አልሄደም። የድሮ ንድፍ የማጋራት ድካሙ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ፎቶ ማንሳቱማ የደቂቃ ሥራ ነው።

ንድፎቹ እጄ የገቡት ከጎረቤቴ ነው። የምኖረው ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ሲሆን ጎረቤቴ ሰማንያን ያለፉ ሴት ናቸው፤ በልቤ «እማማ» እላቸዋለሁ። ጣታቸው መርፌ አልይዝ ሲላቸው ከእናታቸው የወረሱትን የብስኩት ቆርቆሮ አስረከቡኝ። ውስጡ በነጠላ የታተሙ፣ አንድ ጊዜ የታጠፉ፣ ጠርዛቸው የበለዘ ወረቀቶች ሞልተውበታል። ከዚህ በታች የምጽፈው እነሱን ለሌሎች ሳደርስ ቀስ በቀስ የያዝሁት አሠራር ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ቃላት አስቀድሜ ልናገር፤ በአማርኛ የሹራብ ሥራ በአፍና በእጅ እንጂ በወረቀት ብዙም ስላልተማርነው ሁሉም ቤት የራሱ ስም አለው። እዚህ በመርፌው ላይ የሚሰለፈውን እያንዳንዱን የክር ቀለበት «ዓይን» እለዋለሁ። ፊቱ ለስላሳ የሚሆነውን አሠራር «ቀጥታ»፣ እብጥ እብጥ የሚለውን «ግልብጥ»፣ በወገብና በእጅጌ ጫፍ የሚለጠጠውን እንደተለመደው «ላስቲክ» እላለሁ። እናንተም ለሰው ስትጽፉ መጀመሪያ የምትጠቀሙበትን ስም ከነትርጉሙ አስቀምጡ። ሁለት መስመር ነው፤ የሁለት ቀን ጭቅጭቅ ያስቀራል።

የያዛችሁት ወረቀት የመቼ ነው?

ከሁሉ በፊት ዕድሜውን መገመት አለባችሁ። የመርፌው ቁጥር፣ የክሩ ውፍረትና የማጋራት መብቱ ሁሉም የሚወሰኑት በሱ ነው። አብዛኛው የሹራብ ወረቀት ዓመት አልታተመበትም፤ ግን ምልክት አያጣም።

ዋጋውን ተመልከቱ። በሽልንግና በድሮው ፔኒ ከተጻፈ (ፔኒው በትንሿ የላቲን «ዲ» ይጻፋል) ወረቀቱ ብሪታንያ ገንዘቧን ወደ አሥርዮሽ ከቀየረችበት ከየካቲት 15 ቀን 1971 በፊት የወጣ ነው። ስለ ኩፖን የሚያወራ ከሆነ ደግሞ ዘመኑ ይበልጥ ይጠብባል። በብሪታንያ ልብስ በኩፖን መታደል የጀመረው በሰኔ 1941 ሲሆን የቀረው በ1949 ነው። በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ሰው 66 ኩፖን ይሰጠው ነበር፤ ሁለት አውንስ የሹራብ ክር አንድ ኩፖን ይበላል። የዚያ ዘመን ሹራብ አጭር፣ ጥብቅና ባለ ብዙ ቀለም መስመር የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ያረጀ ሹራብ ፈትቶ ክሩን መልሶ መሥራት የየቤቱ ሥራ ነበር። ሰማያዊና ካኪ ኮፍያ፣ ጓንትና የአንገት ልብስ ለወታደር የሚል ወረቀት ካገኛችሁም የዓለም ጦርነት ዘመን መሆኑን ጠርጥሩ።

የክር ኩባንያው ስምም ይረዳል። ለምሳሌ ፓቶንስና ባልድዊንስ ተዋሕደው አንድ ድርጅት የሆኑት በ1920 ነው፤ ሁለቱ ስሞች አንድ ላይ የታተሙበት ወረቀት ከዚያ በፊት ሊወጣ አይችልም። መርፌው በሚሊ ሜትር፣ ክሩ በግራም ብቻ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ሰው «የአያቴ ነው» ቢላችሁም በጣም አታምኑ፤ የእናቱ ሊሆን ይችላል።

ማጋራት ይፈቀድላችኋል?

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል። «ድሮ የታተመ» ማለት «ባለቤት የሌለው» ማለት አይደለም።

በብሪታንያ የደራሲው መብት የሚቆየው ደራሲው ከሞተበት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ 70 ዓመት ነው። የሹራብ ወረቀት ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሰው ስም የለም፤ ኩባንያው ብቻ ነው ያለው። ደራሲው በውል ካልታወቀ 70 ዓመቱ የሚቆጠረው ከታተመበት ዓመት መጨረሻ ነው። ስለዚህ በ1945 የታተመ፣ ደራሲው የማይታወቅ ወረቀት መብቱ በ2015 መጨረሻ አብቅቷል ማለት ነው። ንድፍ አውጪዋ በስም ከተጠቀሰች ግን የሞተችበትን ዓመት መፈለግ ግድ ነው። በ1938 የሠራች ሴት እስከ 1990 ኖራ ከሆነ ሥራዋ እስከ 2060 መጨረሻ የተጠበቀ ነው።

የአሜሪካው ስሌት ሌላ ነው። እዚያ የድሮ ኅትመት የሚቆጠረው ከታተመበት ዓመት 95 ዓመት ነው፤ በ1929 የታተሙት ነጻ የሆኑት ጥር 1 ቀን 2025 ነው። በአሜሪካ ከ1964 በፊት ታትመው በ28ኛው ዓመት መብታቸው ያልታደሰላቸው ሥራዎች ቀደም ብለው ነጻ ወጥተዋል፤ ይህ ግን የሌላ አገር ኅትመትን እንደዚያው አይነካም። ያ የ1945ቱ የእንግሊዝ ወረቀት ለንደን ላይ ነጻ ሆኖ ሳለ ሜሪላንድ ላይ እስከ 2040 መጨረሻ የተጠበቀ ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ቁጥር በእኛው አቆጣጠር ነው) ደግሞ የደራሲውን ዕድሜና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይላል። እንግዲህ ዘመድ ወዳጁ በሦስት አህጉር ለተበተነ ሰው የሚሻለው የተቀባዩን አገር ሕግ ማሰብ ነው።

የሚጠበቀው ጽሑፉ፣ ሠንጠረዡና ፎቶው ነው። ሁለት ዓይን አንድ ላይ መሥራት ወይም ክር አዙሮ ቀዳዳ ማውጣት የማንም ንብረት አይደለም። ወደ አማርኛ መተርጎም ግን የባለቤቱ መብት ውስጥ ይገባል፤ «እኔ እኮ ተረጎምሁት እንጂ አልገለበጥሁትም» ማለት አያድንም።

መብቱ ያላበቃ ከሆነ መንገዱ አይዘጋም። ዋናው ወረቀት የራሳችሁ ከሆነ ማዋስ፣ መስጠት፣ መለዋወጥ ትችላላችሁ፤ የሚከለከለው ማባዛቱ ነው። ኩባንያው ዛሬም ካለ የወረቀቱን ቁጥር ጠቅሳችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ ለስንት ሰው፣ በምን ቋንቋ፣ በነጻ መሆኑን ግለጹ። ንድፉ በሕጋዊ መንገድ የተቀመጠበት ቦታ ካለም የራሳችሁን ቅጂ ከመላክ ወደዚያ ማመልከት ይሻላል። የለንደኑ ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም የ1940ዎቹን ንድፎች በነጻ አውጥቷል። የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲም ዊንቸስተር በሚገኘው ቤተ መጻሕፍቱ ትልቅ የሹራብ መጻሕፍት ስብስብ አለው፤ ከስብስቡ የተወሰነው የሪቻርድ ሩት ነበር። እኚህ ሰው የሌስተር ጳጳስ ነበሩ፤ ሹራብ ሠሪ ብቻ ሳይሆኑ የሹራብን ታሪክ የጻፉም ናቸው። «ሹራብ የሴት ሥራ ነው» ለሚል ወንድም ይህን ንገሩት። ከሳቸው ስብስብ የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጻሕፍት በዲጂታል ተነሥተው ይነበባሉ።

ወረቀቱን ማንሣት

የዛገ ስፌት ሽቦ ካለው አታላቅቁት፤ ከላቀቃችሁትም ወረቀቱን ሳይሆን ሽቦውን በጥፍር ቀጥ አድርጉ። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ። ላሚኔት ማድረግ ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብ፤ ሙቀቱና ሙጫው ሲገቡ መመለሻ የለውም።

ስካነር ካላችሁ ለጽሑፉ 300፣ ለፎቶውና ለሠንጠረዡ 600 ዲፒአይ (የስካነሩ የጥራት መለኪያ) ይበቃል። በስልክ ከሆነ ቀን በመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታበት፣ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ከላይ ወደ ታች ይነሣ። አራቱም ጠርዞች መግባታቸውን አረጋግጡ። አንድ ጊዜ የቀኝ ጠርዙ በጣት ስፋት ተቆርጦብኝ የየመስመሩ የመጨረሻ ቁጥር ጠፍቶ ነበር፤ «4 ቀጥታ፣ 2 ግ…» የሚል ንድፍ ለማን ይጠቅማል?

በእርሳስ የተጻፈ ካለ አታጥፉት። በቆርቆሮው ውስጥ ካሉት ወረቀቶች አንዱ ኅዳጉ ላይ አምስት አምስት እየሆነ የተሰመረ የረድፍ መቁጠሪያ አለው፤ ከጎኑ «እጅጌው 1 ኢንች ይረዝማል» የሚል ማስታወሻ። እማማን ብጠይቃቸው የእናታቸው ጽሕፈት ነው አሉኝ። ሠርታ የሞከረች ሴት የጻፈችው ነው፤ ከታተመው ይልቅ የማምነው እሱን ነው። የቤት አድራሻ ወይም የሰው ሙሉ ስም ከተጻፈበት ግን በምታጋሩት ቅጂ ላይ ሸፍኑት።

ስትልኩም ተጠንቀቁ። በቴሌግራምም በዋትሳፕም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ይጨመቃል፤ ደቃቅ ቁጥሮች ይደበዝዛሉ፣ 3 እና 8 አንድ ይሆናሉ። እንደ ፋይል ላኩት። ገጾቹን በቅደም ተከተል አንድ ፒዲኤፍ ውስጥ ብታስገቡ ይበልጥ ያምራል።

ያልተጻፈውን መሙላት

መርፌ። የድሮው የእንግሊዝ ቁጥር ሲያድግ መርፌው ይቀጥናል፤ የአሜሪካው ሲያድግ ይወፍራል። የእንግሊዙን በሚሊ ሜትር ላስቀምጥ፤ ወረቀታችሁ ጀርባ ገልብጡት፦

ቁጥር 14 = 2
ቁጥር 13 = 2.25
ቁጥር 12 = 2.75
ቁጥር 11 = 3
ቁጥር 10 = 3.25
ቁጥር 9 = 3.75
ቁጥር 8 = 4
ቁጥር 7 = 4.5
ቁጥር 6 = 5

ቁጥር 8 ክፉ ወጥመድ ነው፤ የእንግሊዙ 4፣ የአሜሪካው 5 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ እንደ ጓደኛዬ መረብ ጮኾ አይታይም፤ ሹራቡ አልቆ ሲለበስ ነው የሚሰፋው። ስለዚህ ለማንም ስትልኩ ቁጥሩን ተዉትና ሚሊ ሜትሩን ጻፉ።

ዳንቴል የምትሠሩም ተመሳሳይ ችግር አለባችሁ። የድሮ ሹራብ አንገቱና ጠርዙ ብዙ ጊዜ በኪሮሽ ነው የሚያልቀው። የእንግሊዙ «ደብል ክሮሼ» የአሜሪካው «ሲንግል ክሮሼ» ነው፤ የእንግሊዙ «ትሬብል» ደግሞ የአሜሪካው «ደብል ክሮሼ»። ስሙን ሳይሆን ድርጊቱን ግለጹ፤ «ክሩን ኪሮሹ ላይ አንዴ ጠምጥማችሁ አስገቡ» ካላችሁ ማንም አይሳሳትም።

ክር። አንድ አውንስ 28.35 ግራም ነው፤ 7 አውንስ የሚል ንድፍ 200 ግራም ያህል ይፈልጋል። ግን ክብደት ብቻውን አያስተማምንም፤ የጥጥ ክር ከሱፍ ይልቅ ይከብዳልና በ200 ግራም የሚገኘው ርዝመት ያንሳል። የምትሠሩበትን ክር መጠቅለያ አይታችሁ ሜትሩንም ጻፉ። «ባለ 3»፣ «ባለ 4» እየተባለ በእንግሊዞቹ የሚጠራው ውፍረት ዛሬም አለ። በግምት ባለ 3ቱ በ10 ሴንቲ ሜትር 32፣ ባለ 4ቱ 28፣ «ደብል ኒቲንግ» የሚሉት 22 ዓይን ይሰጣል። በወረቀቱ ላይ ያለው የክር ስም ከገበያ ከጠፋ ቆይቶ ሊሆን ስለሚችል ተቀባያችሁ ስሙን እያሳደደች እንዳትንከራተት ውፍረቱን ብቻ ስጧት።

አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ለምትኖር ሠሪ የምትልኩ ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩ። የድሮ ንድፍ መጨረሻው ላይ «በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነሽ በትኩስ ካውያ ተኩሺ» ይላል። ይህ ለሱፍ የተጻፈ ነው። ገበያው ላይ በብዛት የሚገኘው አክሪሊክ ክር ትኩስ ካውያ ሲያርፍበት ይሞታል፤ ልጥጥነቱ ይጠፋና እንደ ረጠበ ወረቀት ዝልፍልፍ ይላል፤ አይመለስም። ለአክሪሊክ ማጠብና ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርግቶ ማድረቅ ይበቃል።

አጽሕሮት። «ኬ» ቀጥታ፣ «ፒ» ግልብጥ ነው፤ እሱ ቀላል ነው። «ኤም 1» ግን ተንኮለኛ ነው። ዛሬ ስናየው በሁለት ዓይን መካከል ያለውን ክር አንስተን ቀዳዳ ሳይወጣ አንድ ዓይን መጨመር ይመስለናል። በድሮ የእንግሊዝ ንድፍ ብዙ ጊዜ ክሩን መርፌ ላይ አዙሮ ቀዳዳ ማውጣት ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ ፎቶው ይነግራችኋል፤ ሹራቡ ላይ ቀዳዳ ያለው አበባ ካያችሁ መልሱ እሱ ነው። ወረቀቱ ስር የአጽሕሮት ዝርዝር ካለ በሱ ሂዱ እንጂ በልማድ አትሂዱ።

ናሙና ሳትሠሩ አትላኩ

መርፌውንና ክሩን ከቀየራችሁ በኋላ 15 ሴንቲ ሜትር በ15 ናሙና ሥሩ፣ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ከዚያ መሃሉን ለኩ። ጠርዙ ይዋሻል፤ ያልታጠበውም ይዋሻል።

ለምን እንደምነዘንዝ በቁጥር ላሳያችሁ። የጓደኛዬ ሹራብ ንድፍ በኢንች 8 ዓይን ይላል፤ በ10 ሴንቲ ሜትር 31.5 መሆኑ ነው። ፊቱ ደረት ላይ 136 ዓይን አለው። 136 ለ8 ሲካፈል 17 ኢንች፤ ፊትና ጀርባ 34 ኢንች፣ ማለት 86 ሴንቲ ሜትር። አሁን እጃችሁ ትንሽ ላላ ብሎ በኢንች 7 ተኩል ቢወጣ ፊቱ 18.1 ኢንች፣ ዙሪያው 36.3 ኢንች፣ ማለት 92 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የግማሽ ዓይን ልዩነት ስድስት ሴንቲ ሜትር አመጣ። ወደ ጎን ብቻም አይደለም። ይኸው ንድፍ ከወገብ እስከ ደረት 72 ረድፍ አለው፤ በኢንች 10 ረድፍ ከሆነ 18 ሴንቲ ሜትር፣ 9 ከሆነ 20 ይመጣል።

ስለዚህ በምታጋሩት ላይ ሁለቱንም ጻፉ፤ ወረቀቱ ያለውን ልክና እናንተ ያገኛችሁትን ልክ፣ ከነመርፌው ሚሊ ሜትር።

ለሌላ ሰውነት ማስፋት

የ1940ዎቹ ወረቀት አብዛኛው አንድ ልክ ብቻ ነው ያለው፤ ደረት 34። የዚያ ዘመን ሹራብ ደግሞ ሰውነት ላይ የሚጣበቅ፣ ወገብ ላይ የሚያበቃ ነው። የኔው ከትከሻ እስከ ጠርዝ 19 ኢንች፣ 48 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከከፍተኛ ወገብ ቀሚስ ጋር ያምራል፤ ከዛሬ ሱሪ ጋር ሆድ ያሳያል። ይህን ለተቀባያችሁ አስቀድማችሁ ንገሯት፣ ከብብት በታች ስንት ረድፍ ብትጨምር ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚረዝምላትም ጻፉላት። ትከሻው ላይ የተሸበሸበ ሰፊ እጅጌ ካለው ከውስጥ የትከሻ ስፖንጅ ታስቦለት እንደሆነ አስታውሷት፤ ያለ ስፖንጅ እጅጌው ይወድቃል።

ከ34 ወደ 40 ለማስፋት 6 ኢንች ይጨመራል። 6 በ8 ሲባዛ 48 ዓይን፤ ለፊት 24፣ ለጀርባ 24። የፊቱ 136 የነበረው 160 ይሆናል። ሹራቡ ላይ የሚደጋገመው አበባ 8 ዓይን የሚፈጅ ስለሆነ 160 ለ8 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ተመስገን ነው። ባይካፈል ኖሮ ወደሚካፈለው ቅርብ ቁጥር መሄድ ነበረብን።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። የሰው ደረት 6 ኢንች ሲሰፋ ትከሻው በዚያው ልክ አይሰፋም። 24ቱን ዓይን ሁሉ ወደ ትከሻ ይዛችሁ ከወጣችሁ እጅጌው ክንድ ላይ ይንጠለጠላል። እኔ ከተጨመረው አብዛኛውን ብብት ላይ እዘጋዋለሁ፤ ትከሻው ላይ የሚደርሰው በየጎኑ ሦስት አራት ዓይን ብቻ ነው። የብብቱን ቁመት ግን አስረዝመዋለሁ፤ እጅጌውም አናቱ ከረዘመው ብብት ጋር እንዲገጥም አብሮ መስፋት አለበት።

አዲሱን ወረቀት መጻፍ

የድሮ ንድፍ የሚጽፉ ሰዎች ወረቀት ውድ ነበረባቸው፤ አንባቢያቸውም ከልጅነቷ ጀምሮ የምትሠራ ሴት ነበረች። ስለዚህ አንድ እጅጌ በሦስት መስመር ያልቃል። «በየ6ኛው ረድፍ በሁለቱም ጫፍ 1 ጨምሪ፣ 136 እስኪሆን» ይላል ወረቀቱ ስለ ፊቱ። እኔ ስጽፈው እንዲህ ሆነ፦

«ላስቲኩ ሲያልቅ 112 (136) ዓይን አላችሁ። 5 ረድፍ ሥሩ። 6ኛው ረድፍ ላይ በመጀመሪያና በመጨረሻ አንድ አንድ ዓይን ጨምሩ፤ 114 (138) ይሆናል። እነዚህን 6 ረድፎች 11 ጊዜ ድገሙ። 72ኛው ረድፍ ሲያልቅ 136 (160) ዓይን ይኖራችኋል።»

ከቅንፍ ውጭ ያለው ለ34፣ ቅንፍ ውስጥ ያለው ለ40 ነው። የዓይን ብዛት በየደረጃው መጨረሻ መጻፉን አትተዉ፤ ሠሪዋ የተሳሳተችበትን ቦታ የምታውቀው በሱ ነው። እናንተም ስትጽፉ ብትደምሩት የኅትመት ስሕተት ይገለጥላችኋል። አዎ፣ የድሮ ወረቀት ይሳሳታል። ከቆርቆሮው የወጣ አንድ የሕፃን ሹራብ ንድፍ አንገት ላይ ቁጥሩ አልገጥም ብሎኝ ሁለት ምሽት ፈታሁት፤ ለካ ከታተመው ላይ አንድ ረድፍ ተዘሎ ነበር።

ሁሉንም ሠሪ የሚያናድደው ዓረፍተ ነገር «ግራውን እንደ ቀኙ ሥሪ፤ ቅርጹን ገልብጪ» የሚለው ነው። መገልበጡን እናንተ ሥሩትና ረድፍ በረድፍ ጻፉት። የቀኝ አንገት የሚቀነሰው በረድፉ መጀመሪያ ከሆነ የግራው በመጨረሻው ነው፤ የሚያጋድለው ጎንም እንዲመሳሰል የአቀናነሱ ዓይነት ይለወጣል። በቀኝ በኩል ሁለት ዓይን አንድ ላይ ሠርታችሁ ከሆነ በግራ አንዱን ሳትሠሩ አሻግራችሁ፣ ቀጣዩን ሠርታችሁ፣ የተሻገረውን በላዩ ታሳልፋላችሁ።

ከወረቀቱ አናት ላይ መጀመሪያ የታተመበትን ኩባንያ፣ የወረቀቱን ቁጥርና የገመታችሁትን ዘመን ጻፉ። የራሳችሁን ለውጥ ከዋናው ለዩ፤ እኔ የጨመርሁትን በሌላ ቀለም አደርገዋለሁ። ንድፉን እኔ የፈጠርሁት እንዳይመስል፣ እኔ ያበላሸሁትም በዋናው ሰው እንዳይሳበብ።

ሌላ እጅ ይሞክረው

ለብዙ ሰው ከመበተናችሁ በፊት አንድ ሰው ከናንተ ምንም ሳይጠይቅ ይሥራበት። ሙሉ ሹራብ አያስፈልግም፤ ላስቲኩን፣ አንድ ጊዜ የሚደገመውን አበባና የአንገቱን መቀነሻ ከሠራ ይበቃል። እኔ ይህን ሥራ የሰጠሁት ለዚያችው ለሜሪላንድ ጓደኛዬ ነው። ሦስት ነገር አገኘችብኝ። 46ኛው ረድፍ ላይ ቀጥታውን ግልብጥ ብዬ ጽፌያለሁ። የአዝራሮቹን ብዛት እንጂ ስፋታቸውን አልጻፍሁም። «ጫፍ» የምለው አንዳንዴ የረድፉን፣ አንዳንዴ የመርፌውን ነው።

አርሜ «ሁለተኛ ቅጂ» ብዬ ቀኑን ጻፍሁበትና መልሼ ላክሁ። ቅጂ ቁጥርና ቀን ከሌለው ያልታረመው ከታረመው እኩል በየስልኩ ይዞራል፤ ከዓመት በኋላ አንዷ «46ኛው ረድፍ አልገባኝም» ብላ ትደውላለች። ስሕተት የሚነገርበትን አንድ ቦታም አበጁ፤ እኛ ለየንድፉ አንድ የቴሌግራም መልእክት ከላይ ሰክተን እርማቱን ከሥሩ እንጽፋለን።

ዋናውን ወረቀት በጠፍጣፋው፣ ከአሲድ ነጻ በሆነ ወረቀት መካከል፣ ደረቅና ጨለማ ቦታ አስቀምጡት። የክር ሣጥን ውስጥ አይሁን፤ ብል ለሱፍ ይመጣል፣ የብል መድኃኒቱም ወረቀቱን አይጠቅመውም። እኔ ወደ ብስኩቱ ቆርቆሮ ልመልሳቸው ነበር፤ ክዳኑን ስከፍተው ከውስጥ ዝጎ አገኘሁትና ተውሁት። ቆርቆሮው አሁን አዝራር ይይዛል።